ቀድሞ የተጻፈው

ጄኔቭ፣ ኅዳር 18 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ ያ የተሰበረው የእጅሽ አንጓ እንደሚጠዘጥዝሽ ስለማውቅ፣ በረዶ በጣለ ቁጥር መጀመሪያ የሚታወሰኝ እሱ ነው። ዙሪክ ላንግሽትራሰ ያለችው ክፍልሽ ማሞቂያዋ ተሠራ ወይስ አሁንም ካፖርትሽን ደርበሽ ነው የምትተኚው? የላክሁልሽን የሱፍ ካልሲ ራስሽ አድርጊው። ለሰው እንደምትሰጪው አውቃለሁ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ የሰጡሽን ስትሰጪ ነው የኖርሽው።

እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ባቡር አያመልጠኝም፤ ደህና መሆን ማለት ይኼ ከሆነ ደህና ነኝ። እንቅልፍ ግን ከጥቅምት ማለቂያ ጀምሮ ከዳኝ። ምክንያቱን ልነግርሽ አራት ጊዜ ደውዬ፣ አራቱንም ጊዜ ስለ ብርዱና ስለ ሽንኩርት አውርተን ስልኩን ዘጋሁ። ስለዚህ ልጻፍላት ብዬ ተቀመጥኩ። ፈሪ መሆኔን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለምና በዚህ አትፍረጂብኝ፤ የምትፈርጂበት ሌላ ነገር ከታች ይመጣል። ብቻ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ወረቀቱን እንዳትጥዪው።

ጊዜ የለንም። ይግባኝሽ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን አርብ ኅዳር 24 ነው፤ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ካልተሰማልሽ ያቺን ኤን የምትባለውን የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀትሽን ነጥቀው ከአገራችን ውጪ ይሉሻል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ስምሽ ያለበት መዝገብ ገና አልተዘጋም። ይኼን የምጽፈው ላስፈራራሽ አይደለም። ከዚህ በታች ያለውን ስታነቢ፣ በኔ ከመናደድሽ በፊት አርብን እንድታስቢ ብዬ ነው።

ጥቅምት 28 እሑድ ያንን ኔጋቲቭ የሚሉትን የእምቢታ ወረቀት ይዘሽ እኔ ዘንድ የመጣሽ ቀን ትዝ ይልሻል። ወረቀቱ በጀርመንኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ወደ ጄኔቭ ከመምጣቴ በፊት ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ዓመት ወለል ስጠርግ የለቃቀምኩት ጀርመንኛ አለኝ። ወጥ ቤቴ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ጣቴን በመስመሩ ላይ እያስኬድኩ ወደ አማርኛ መለስኩልሽ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ምነው አልሽኝ። ቃሉ ጠፍቶኝ ነው አልኩሽ። ከዚያ፣ እንዳንቺ ያለ ታሪክ ሌላ ሰውም ስለተናገረ አላመንንሽም ነው የሚሉት ብዬ አንቀጹን ዘለልኩት። ይኸው ብቻ ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ ይኸው ብቻ ነው አልኩሽ።

ይኸው ብቻ አልነበረም። ሙሉው እንዲህ ይላል፦ አመልካቿ የተናገረችው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 በሌላ ኢትዮጵያዊት ቀርቦ ተቀባይነት ካገኘ ታሪክ ጋር እስከ ጥቃቅኑ ድረስ አንድ ነው፤ ቀድሞ የተመዘገበው የዚያችኛዋ ስለሆነ የአመልካቿ ከዚያ የተቀዳ ነው። ዓመተ ምሕረቱን የዋጥኩት ሆን ብዬ ነው።

አንቺም ወዲያው ሕብስትን ጠረጠርሽ። የስደተኛ ካምፕ ውስጥ አልጋችሁ አንድ ላይ ስለነበረ ታሪክሽን ያጫወትሻት እሷን ነበርና፣ ለሌላ ሰው አሳልፋ ሸጠችው ብለሽ ደመደምሽ። አብራችሁ ከምትኖሩበት ክፍል ፍራሿን ኮሪደር ላይ አወጣሽባት። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በሰው ፊት ሌባ አልሻት። በ2006 እኮ ሕብስት ናዝሬት ፀጉር ቤት ውስጥ ሹሩባ ትሠራ ነበር፤ ወደዚህ አገር ከመጣች ገና ዓመት ከመንፈቋ ነው። ያንን ቁጥር ብነግርሽ ኖሮ በአንድ ደቂቃ ነጻ ትወጣ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ እኔም ዳዋው ሲመታ ሦስት ሳምንት ቆሜ አየሁ።

የ2006ቷ ሴትዮ እኔ ነኝ።

አሁን ወረቀቱን አስቀምጠሽ ትንሽ ተንጎራደጂ፤ ከዚያ ተመለሺ። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ኅዳር 1998 ከእስር ስትፈቺ ዘጠኝ ቀን እኔ ቤት ተኝተሻል። እጅሽ ጀሶ ውስጥ ነው፤ ፀጉርሽን የማጥብልሽ እኔ ነኝ። ገረመውን እንዴት እንደወሰዱት የነገርሽኝ ያኔ ነው። ሲነጋጋ ወታደሮቹ አጥር ዘለው መግባታቸውን፣ ጓሮ ካለው ባዶ ሮቶ ውስጥ ወንድምሽን በፀጉሩ ስበው ማውጣታቸውን፣ አንቺ እግሩን ይዘሽ አልለቅም ስትዪ አንጓሽን በጫማ መርገጣቸውን፣ እሱ ደግሞ ልቀቂኝ፣ አንቺንም ይገድሉሻል እያለ መለመኑን። ከዚያ ወዲህ ገረመውን አየሁት የሚል ሰው አልተገኘም። አንዳንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመሽ ነገርሽኝ፤ ሳላስበው በቃሌ ያዝኩት።

ዓመት ሳይሞላው ከአገር ወጣሁ። ኢንተርቪው ቀን ተራዬ ደርሶ ስቀመጥ ሐሳቤ የራሴን ልናገር ነበር። የኔንም ታውቂዋለሽ። አንቺ ከመያዝሽ ሁለት ቀን አስቀድሞ ጣቢያ ገብቼ ሦስት ቀን ታስሬያለሁ። አብረውኝ የነበሩት ተጭነው ወደ ጦር ካምፕ ሲሄዱ እኔን ወደ ቤትሽ ሂጂ አሉኝ። ይኼን ስነግርሽ፣ እግዚአብሔር ነው ያወጣሽ ብለሽ በደህናው እጅሽ አቀፍሽኝ። መርማሪዋ ግን አታቅፈኝም፤ ታዲያ አንቺን ብቻ ለምን ለቀቁሽ ማለቷ አይቀርም። አፌን ስከፍት የወጣው ወንድሜ ገረመው የሚል ነበር። እናቴ እኔን ብቻ ወልዳ እንደቀረች ታውቂያለሽ። አራት ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። አለቀስኩም፤ ልቅሶው የውሸት አልነበረም፤ ገረመውን ምን ያህል እወደው እንደነበረ አንቺም አታውቂም። መርማሪዋ ውሃ አቀረበችልኝ። ጥቂት ቆይቶ ቤ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት በስሜ መጣ። እንደዚያን ቀን የታመንኩበት ቀን በሕይወቴ የለም።

አንቺ ወንድሜን ሳላገኝ ከአገሬ አልወጣም ብለሽ ምለሽ ስለነበረ፣ አንድ ቀን ያንኑ ታሪክ ይዘሽ እዚያው በር ላይ ትቆሚያለሽ ብዬ አላሰብኩም። ይኼ ማመካኛ አይደለም። ሳስበው የኖርኩትን ልንገርሽ ብዬ ነው።

የማጸዳላቸውን ሽማግሌ አንድ ጊዜ ነግሬሻለሁ፤ ሙሴ ፔንሃሎን። ለዓለም አቀፍ ድርጅት ሲተረጉሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። እንግሊዛዊ ነዎት ስትያቸው ይቆጣሉ። አገራቸው ኮርንዋል ነው፤ እንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ ባሕር ውስጥ የገባ፣ ቆርቆሮና መዳብ ሲቆፈርበት የኖረ አገር። የራሱ ቋንቋ ነበረው፤ ኮርኒሽ ይባላል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ከሰው አፍ ጠፋና ኋላ ከመጻሕፍት ለቅመው መልሰው ተናገሩት። ሽማግሌው የያንዳንዱን ቃል ምንጭና ትርጉም በካርድ እየጻፉ በጫማ ካርቶን ይደረድራሉ፤ ሠላሳ አንድ ካርቶን ሞልቷል። ዓይናቸው ሲደክም ካርድ መጻፉ ወደኔ መጣ። የኮተቤዋ አማርኛ መምህርት ጠዋት መጥረጊያ፣ ከሰዓት በኋላ ሥርወ ቃል ይዛ ዋለች ብለሽ ሳቂ።

ካርዱ አራት መስመር አለው። ቃሉ፣ ትርጉሙ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደተናገረው። አራተኛው መስመር ባዶ ከሆነ ካርዱ ካርቶን አይገባም፤ ሽማግሌው በዚህ ቀልድ አያውቁም። ናፍቆትን ሂሬት ይሉታል፤ ሂር ማለት ረዥም ነው፤ ከዚያ የወጣ ነው። ኅዳርን ሚስ ዱ ይሉታል፤ ጥቁር ወር ማለት ነው። ያንን ካርድ ስጽፍ ለነዚህ ሰዎች ደግሞ ማን ነገራቸው አልኩ። ምስክርነትን ዱስቱኒ ይሉታል፤ ከላቲን የመጣ ነው። ከላቲን የመጣው ብዙ ነው፤ ድልድዩ፣ መጽሐፉ፣ ዓሣ እንኳ ሳይቀር። ባሕር የከበበው ሕዝብ የዓሣን ስም እንዴት ይዋሳል፣ ሮማውያን ሳይመጡ ዓሣ አይበሉም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ይበሉ ነበር እንጂ አሉኝ፤ የራሳቸው ቃልም ሳይኖራቸው አይቀርም፤ ሰው የሚዋሰው የሌለውን ብቻ አይደለም አሉ። እሳቸው ይኼን ብለው ሻያቸውን ጠጡ። እኔ ግን ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም።

ወረቀትሽን ባነበብኩልሽ በዘጠነኛው ቀን አንድ ካርድ አበላሸሁ። እንግሊዞች የአንድ ዓሣ ስም አላቸው፤ ኮርንዋሎች ያንኑ ዓሣ በነሱ ቋንቋ አሮጊት ነው የሚሉት፤ ከንፈሩ ወፍራም ሆኖ ፊቱ ስለሚኮሳተር ይመስለኛል። ሁለቱ ስሞች አንድ ቃል ናቸው። ማን ከማን ወሰደ ነው ነገሩ። የዓሣ ስም ሆኖ በእንግሊዝ መጽሐፍ ቀድሞ ተጽፎ ስላገኘሁት፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ብዬ ጻፍኩ። ሽማግሌው አስነብበውኝ ሲሰሙ ጠረጴዛውን መቱት። የጻፈው የተማረ ጌታ ነው፣ የተናገረው ግን ዓሣ አጥማጅ ነው፤ አጥማጁ ብዕር ስላልነበረው ቃሉ የእሱ አይደለም ልትዪ ነው ወይ አሉኝ። ቀድሞ የተጻፈ ሁሉ ቀድሞ የተነገረ አይደለም፤ ጌታው የሰማውን ነው የጻፈው አሉ።

አለቀስኩ። ቁጣቸው ያስለቀሰኝ መስሏቸው ደንግጠው ብስኩት አመጡልኝ። ያንን ብስኩት በእጄ እንደያዝኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያንቺን ስም፣ የገረመውን፣ ወረቀቱን፣ የዘለልኩትን አንቀጽ። ያወቀ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ስጨርስ፣ አጥማጇ በሕይወት አለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለች፣ ዙሪክ ናት አልኳቸው። የኔዎቹ ምስክሮች ከሞቱ ሁለት መቶ ዓመት ሆናቸው፤ ያንቺዋ በባቡር ሦስት ሰዓት አትሞላም፤ ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ አሉኝ። የተበላሸውን ካርድ ልቀደው ስል እጄን ያዙኝ። ካርድ አይቀደድም። ስህተቱ እንዲነበብ በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል፤ ከሥሩ እውነተኛው ይጻፋል፤ ያሳሳተው ሰው ይፈርምበታል። ደንባቸው ነው።

ማታውኑ ባቡር ላይ ወጣሁ ብልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ዐሥር ቀን ፈጀብኝ። ፈራሁ። ወረቀቴን ቢነጥቁኝስ፣ ሥራዬስ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ካምፕ ልግባ ወይ እያልኩ ጠዋት ቆርጬ ማታ እመለሳለሁ። በነዚያ ዐሥር ቀናት ሁለት ጊዜ ደውለሽ፣ የይግባኝ ጽሑፉ ላይ የሚጨመር አንድ ምስክር እንኳ ባገኝ ብለሽኛል። እኔም እግዚአብሔር ያውቃል አልኩሽ። ይኼን አፌን ምን ላድርገው?

ትናንት አርብ ዙሪክ ጠበቃሽ ዘንድ ሄድኩ። የራሴን የኢንተርቪው ቃል፣ ዐሥራ ዘጠኝ ገጽ ነው፣ እንደ ሽማግሌው ደንብ አንድ በአንድ በቀጭን መስመር ሰርዤ፣ ከሥሩ ይህን የነገረችኝ እገሊት ናት ብዬ ያንቺን ስም ጽፌ፣ በየገጹ ፈርሜ ይዤ ሄድኩ። ትራሙ ላንግሽትራሰ ሲደርስ በመስኮት አየሁሽ። ከአፍሪካ ሸቀጥ ሱቁ በግራ እጅሽ ፌስታል ይዘሽ ወጣሽ። ኮፍያ አላደረግሽም። ልወርድ ተነስቼ በሩ ሲዘጋ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ጠበቃሽ ጎበዝ ሴት ናት። የሌላ ሰው ፋይል ባለቤቱ ካልፈቀደ አይከፈትምና፣ ማን ቀድሞ እንደተናገረ ለማስረዳት መንገድ አጥታ ነበር። ያቺ ባለቤት እኔ ነኝ ስላት መነጽሯን አወለቀች። ወረቀቴን ሊነጥቁኝ እንደሚችሉ፣ ሐሰት በመናገርም ልጠየቅ እንደምችል ሁለት ጊዜ ነገረችኝ። አውቄ ነው የመጣሁት አልኳት። ፈቃዱን ፈረምኩ። ሰኞ ይገባል።

ከዚያ የሁለታችንን ቃል ጎን ለጎን ዘርግታ፣ ማስመሪያ ይዛ መስመር በመስመር ታነጻጽር ጀመር። እኔ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሁሉም አንድ ነው፤ አጥሩ፣ ፀጉሩ፣ እግሩን መያዝሽ፣ የለመነሽ ልመና። አንድ ቦታ ላይ ማስመሪያዋ ቆመ። ወታደሮቹ ቤት ሳይፈትሹ ቀጥ ብለው ወደ ሮቶው የሄዱት ገረመው እዚያ መኖሩን እንዴት አውቀው ነው የሚል ጥያቄ አለ። ሁለታችንንም ጠይቀውናል። አንቺ፣ አላውቅም፤ አምስት ዓመት ሙሉ ራሴን የምጠይቀው ይህንን ነው ብለሻል። የኔ ቃል ላይ ግን መልስ አለ። ጣቢያ ታስራ የነበረች አንዲት ጓደኛችን ናት የነገረቻቸው ይላል። ያኔ እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዐሥራ ዘጠኙን ገጽ ስሰርዝ ያንን አንድ መስመር ብቻ ሳልሰርዘው አልፌዋለሁ።

ጠበቃዋ ፊቷ በራ። የሚያድናት ይህ መስመር ነው አለችኝ። ጓደኛሽ ካንቺ ቀድታ ቢሆን ኖሮ ይህንንም መልስ ትቀዳው ነበር፤ አለማወቋ ነው ባለታሪኳ እሷ መሆኗን የሚመሰክርላት አለች። ያንን ገጽ አስቀሪው፣ ሌላው ይበቃል ብዬ ለመንኳት። አይሆንም፤ ያለሱ ይግባኙ ባዶ ነው አለች። ከመግባቱም በፊት አንቺ ልታውቂው እንደሚገባ ነገረችኝ።

ነገ እሑድ ኅዳር ጽዮንን እዚህ ጄኔቭ ስለምናከብር ሕብስት ትመጣለች፤ ዙሪክ ያለው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆመች ሦስት ሳምንቷ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሁሉንም ነግሬያት ይህን ደብዳቤ በእጇ እልክልሻለሁ። ስትመጣ በሩን ክፈቺላት። ፍራሿንም መልሺላት፤ እሷ ምንም አላደረገችሽም።

ይቅር በዪኝ ብዬ አልጽፍም፤ ስለምኑ እንደሆነ ሰኞ ያንን ገጽ ስታነቢ አንቺው ትወስኛለሽ። አርብ ቀንቶሽ ዜናውን ከሰው ብሰማ ይበቃኛል። የገረመው አምላክ ከፊትሽ ይቅደም፣ የተናገርሽው ይታመንልሽ፣ በባዕድ አገር ወገን አያሳጣሽ።

ጠበቃዋ ልትሸኘኝ በር ድረስ ወጥታ፣ ያንን መልስ ከማን ሰምቼው እንደነበር ጠየቀችኝ። ከማንም አልሰማሁም አልኳት።

አብሮ አደግሽ